መንገድ፣ ወተትና ውኃ በአርሲ ደጋ

በቆጂ ከአሰላ ወደ ደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። የአርሲ ደጋ መለያ የሆኑት ጭላሎ፣ ካካና ባዳ እያንዳንዳቸው ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆሙ ተራሮች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ግርጌ የተዘረጋው መሬት ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና አተር፣ ተልባና ድንች ያበቅላል፤ መስኩም ከብት ያሰማራል።

ዓለም በቆጂን የሚያውቃት በሯጮቿ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ፣ የኦሎምፒክ ወርቅ ሜዳልያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በማራቶን፣ ጥሩነሽ ዲባባም በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን ድል አድርገዋል። ስለ እነዚህ ሴቶች ብዙ ተጽፏል፤ መጻፉም የተገባ ነው። በዚያው ደጋ ለሩጫ ሳይሆን ለውኃና ለእንጨት፣ ለወፍጮና ለገበያ በየቀኑ ብዙ ኪሎ ሜትር ስለሚጓዙት እናቶችና ልጃገረዶች ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

የአርሲ ደጋ ለኢትዮጵያ እህል ከሚመግቡት አካባቢዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ጎተራው ሞልቶ ሳለ ሕፃኑ የሚቀጭጭበት ቤት በዚህ አካባቢም አልጠፋም። ባለፉት ስድሳ ዓመታት ውስጥ በዚህ ምድር ላይ መንገድ ተጠርጓል፣ የወተት መሰብሰቢያ ተሠርቷል፣ ቧንቧ ተዘርግቷል። እነዚህ ሥራዎች ወደ እናቲቱ እጅና ወደ ልጁ ገበታ ምን አደረሱ? የአርሲ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ከብዙ የአገራችን ክፍሎች ይልቅ ግልጽ መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ግን አንድ ወጥ አይደለም።

ቅቤና ሲንቄ

በቀድሞው የአርሲ ኦሮሞ ኑሮ ከብቱ የአባወራው ሀብት ሲሆን፣ ወተቱ ግን በእማወራዋ ሥልጣን ሥር ነበር። ማለቡ፣ ማርጋቱ፣ መናጡና ቅቤውን ገበያ አውጥቶ መሸጡ የእርሷ ድርሻ ነበር። ወተት ሳይበላሽ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት በመሆኑ፣ መንገድ በሌለበት አገር ከሩቅ ገበያ ሊደርስ የሚችለው ቅቤ ሆኖ ብቻ ነው። በባህላዊው አናናጥ አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ወደ 20 ሊትር የሚጠጋ ወተት ያስፈልጋል። እንግዲህ 20 ኪሎ የሚመዝነው ሸክም ወደ አንድ ኪሎ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ቅቤ መናጥ፣ በመሐንዲስ ዐይን ሲታይ፣ መንገድ የሌለው ሕዝብ የትራንስፖርትን ችግር የፈታበት ብልሃት ነበር።

ይህ ብልሃት ሌላም ውጤት ነበረው። ወተቱ ሲናጥ በአብዛኛው የሚወጣው ስቡ ነው፤ ሥጋና አጥንት የሚገነባው የወተቱ ክፍል አሬራና አይብ ሆኖ በቤት ይቀራል። ስለዚህ ቅቤው ገበያ ሄዶ ገንዘብ ሲሆን፣ ልጁ አሬራውን ጠጥቶ አይቡን ይበላ ነበር። ከቅቤውም ለቤት የሚተርፈው ከገብስ ዱቄት ጋር ተለውሶ ጩኮ ይሆናል። የቅቤው ዋጋ ደግሞ ባል ሳይጠየቅበት ጨው፣ በርበሬና የልጅ ልብስ ይገዛበታል።

ሴቲቱ መብቷን የምታስከብርበትም ሥርዐት ነበራት። የአርሲ ሙሽራ በሠርጓ ዕለት ከእናቷ የምትቀበለው ሲንቄ የተባለ ቀጭን በትር ይህን ይመሰክራል። ባል ሚስቱን ከወግ ውጭ ቢበድል፣ የአካባቢው ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው እልል እያሉ ይሰበሰባሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ካሣ እስኪከፍልም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ይህን ማንሣት ያለፈውን ዘመን ለማሞገስ አይደለም፤ መሬቱም፣ ከብቱም፣ ውርሱም የወንድ ነበር፤ የሴቲቱም ድካም ከባድ ነበር። ነገር ግን ምንም ገንዘብና ምንም ድምፅ አልነበራትም ማለት ስሕተት ይሆናል። መሠረተ ልማት የደረሰው ባዶ ሜዳ ላይ ሳይሆን፣ የራሱ የድርሻ ክፍፍል በነበረው ቤት ላይ ነው።

የካዱ ዘመን

በ1959 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በተፈራረሙት ስምምነት፣ ሕዝቡ በምሕጻር «ካዱ» ብሎ የሚጠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ዋና መሥሪያ ቤቱን አሰላ ላይ አድርጎ፣ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባለው የጭላሎ አውራጃ ውስጥ ሥራውን ጀመረ። ዓላማው የአነስተኛውን ገበሬ ገቢ ማሳደግ ነበር። በቁሉምሳ የምርምር ጣቢያ የስንዴና የገብስ ዘሮች ተፈተኑ፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ታደለ፤ በጎቤና በአሰላ የአገሩ ላም ከውጭ ኮርማ ጋር ተዳቀለች፤ የገጠር መንገዶች ተጠረጉ፤ የንግድ ማእከሎችና የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያዎች ተከፈቱ። ለሴቶች የቤት አያያዝና የሕፃናት አመጋገብ ትምህርት የሚሰጥ ክፍልም ነበረው።

የብድሩ ሥራ በጣም ፈጥኖ አደገ። በመጀመሪያው ዓመት 200 የማይሞሉት ተበዳሪ ገበሬዎች ከሦስት ዓመት በኋላ ከ10,000 በላይ ሆኑ። በ1963 ዓ.ም. ለአገሪቱ በሙሉ የተነደፈው የአነስተኛ ጥቅል ፕሮግራም ከዚህ ልምድ የተወሰደ ነበር።

ይሁን እንጂ መንገዱና ማዳበሪያው የመሬቱን ዋጋ ከፍ ሲያደርጉት፣ ባለመሬቱ መሬቱን ትራክተር ላለው ተኮናታሪ ማከራየት ወይም ራሱ በትራክተር ማረስ ይበልጥ አዋጣው። በዚህም ምክንያት ብዙ ጭሰኞች ከይዞታቸው ተነቀሉ። የጭሰኛንና የባለመሬትን ግንኙነት እንዲያሻሽል የተረቀቀው ሕግ በምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ። ለድኻው ገበሬ የታሰበው መንገድ ድኻው ገበሬ የሚነቀልበትን ምክንያት ጨመረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን የኪራይ ሥርዐት አስወገደ። ከዚያም ድርጅቱ ሥራውን ከጭላሎ ወደ ጢቾና ወደ አርባ ጉጉ አስፋፍቶ የአርሲ ገጠር ልማት ድርጅት፣ በምሕጻር «አርዱ» ተባለ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ጭሰኛው በሚገባ ተጠንቷል። ከጭሰኛው ጋር አብራ የተነቀለችው ሚስቱ ግን በአብዛኛው ጽሑፍ ውስጥ «ቤተሰብ» በሚለው ቃል ተጠቅልላ አልፋለች። ከአዋጁ በኋላም በገበሬ ማኅበር መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነበር፤ ባሏ የሞተባት ወይም ብቻዋን ቤት የምታስተዳድር ሴት በራሷ ስም አባል ስትሆን፣ ባለትዳሯ በባሏ በኩል ትቆጠር ነበር። ባለትዳር ሴት በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ ስሟ ከባሏ ስም ጋር እንዲሰፍር የተደረገው ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ፣ በኦሮሚያ የገጠር መሬት ምዝገባ ሲካሄድ ነው።

የወተቱ ገንዘብ

መንገድ ሲመጣ ወተት ቅቤ መሆን ሳያስፈልገው ተሸጠ። የተዳቀለችው ላም ከአገሩ ላም ከሁለት እጥፍ በላይ ስለምትታለብ፣ ትርፉን በቤት መጨረስ አይቻልም ነበር። ጠዋት የታለበው ወተት በብረት ቆርቆሮ ሆኖ መኪና ወደሚደርስበት ጣቢያ ይወርዳል፤ ተለክቶ በመዝገብ ይጻፋል፤ ሂሳቡም በየጊዜው ይከፈላል። ይህ ለቤተሰቡ ገቢ ታላቅ እርምጃ መሆኑ አያጠራጥርም።

ነገር ግን ሦስት ነገሮች አብረው ተለወጡ። አንደኛ፣ ቅቤ ሲሸጥ ቤት ይቀር የነበረው አሬራና አይብ አሁን ከወተቱ ጋር አብሮ ሄደ። ገንዘቡ በምግብ ካልተተካ የልጁ ገበታ ከቀድሞው ይጎድላል። ሁለተኛ፣ ቅቤዋን ራሷ ሸጣ ገንዘቡን በመቀነቷ ትቋጥር የነበረችው ሴት፣ ገንዘቡ በመዝገብ ላይ ስሙ ለሰፈረው ሰው ሲከፈል ከሂሳቡ ራቀች። ሦስተኛ፣ የተዳቀለችው ላም መኖ ታጭዶ፣ ውኃ ተቀድቶ ካልቀረበላት አትታለብም፤ ይህን የሚያቀርበው እጅ አሁንም በአብዛኛው የሴትና የልጅ እጅ ነው። ስለዚህ የቤተሰቡ ገቢ ሲያድግ የሴቲቱ ሥራ እየበዛ ድርሻዋ እያነሰ የሚሄድበት በር ተከፈተ።

ይህ በእያንዳንዱ ቤት ሆነ ማለት አይደለም። ባልና ሚስት ተመካክረው የሚያድሩበት ቤት ብዙ ነው፤ ጣቢያውም ለሴቲቱ በስሟ በሚከፍልበት ጊዜ ውጤቱ ሌላ ይሆናል። ቁም ነገሩ ልዩነቱን የሚያመጣው የመንገዱ ስፋት ሳይሆን የደረሰኙ ስም መሆኑ ነው።

የመንገድ ጥቅም በራሱ አከራካሪ አይደለም። ስቴፋን ዴርኮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በአርሲ ዶዶታ ውስጥ የሚገኘውን ቆሮደጋጋን ጨምሮ 15 የኢትዮጵያ መንደሮችን ተከታትለው፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ድኽነትን በ6.9 ነጥብ ከመቶ እንደቀነሰና የፍጆታን እድገት በ16.3 ከመቶ ከፍ እንዳደረገ አሳይተዋል። ሆኖም የዚህ ዓይነቱ ልኬት የሚቆመው በቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። የቤተሰቡን ፍጆታ ይለካል፤ በውስጡ ማን ስንት እንደበላ አይለካም።

ውኃ ከባዳ ግርጌ

ከመንገዱ ይልቅ በቀጥታ የሴቲቱን ጀርባ የሚነካው ውኃ ነው። ስድስት ነፍስ ያለው ቤት ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 10 ሊትር ብቻ ቢመደብ 60 ሊትር ያስፈልገዋል። ይህም 20 ሊትር በሚይዝ እንስራ ወይም ጀሪካን ሦስት ምልልስ፣ በእያንዳንዱ ምልልስም 20 ኪሎ ሸክም ማለት ነው። ምንጩ ሩቅ በሆነበት በቆላማው የአርሲ ክፍል፣ በተለይም በዶዶታ፣ ሴቶች ለአንድ ምልልስ ሰዓታት ያጠፉ ነበር።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ በዶዶታ የተካሄደው የውኃ ሥራ በዚህ ረገድ ለየት ያለ ነበር። ሴቶች ውኃ የሚጠብቁ ብቻ ሳይሆኑ ቧንቧ የሚዘረጉ፣ ቦኖ የሚጠብቁ፣ ሂሳብ የሚሰበስቡና በአስተዳደሩ ውስጥ የሚቀመጡ ሆነው ሠለጠኑ። ቁልፍና መፍቻ በሴት እጅ መታየቱ በዚያን ጊዜ ለአገሩ አዲስ ነገር ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በዎተርኤይድ ድጋፍ የተሠራው የሂጦሳ ውኃ ተከተለ። ውኃው ከባዳ ተራራ ግርጌ ከሚፈልቁ ምንጮች ተጠልፎ፣ ያለ ሞተርና ያለ ነዳጅ በራሱ ክብደት ወደ ኢተያና ወደ ገጠር ቀበሌዎች ይወርዳል። የቧንቧው መስመር ወደ 140 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ ከመቶ በላይ በሆኑ የመቅጃ ቦታዎች በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ያከፋፍል ነበር። በእንዲህ ያለ መስመር የመሐንዲሱ ፈተና ውኃውን መግፋት ሳይሆን ማብረድ ነው፤ በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት የአንድ አትሞስፌር ያህል ግፊት ስለሚጨመር፣ ግፊት መቀነሻ ገንዳዎች በየቦታቸው ካልተቀመጡ ቧንቧው ይፈነዳል። ሥራው ካለቀ በኋላ አስተዳደሩ ለተጠቃሚው ሕዝብ ተወካዮች ተሰጠ፤ ጥገናውም ከውኃ ሽያጭ በሚገኝ ገንዘብ ይሸፈን ጀመር። በዚህም የሂጦሳ ሥራ ሕዝብ የሚያስተዳድረው የውኃ አገልግሎት ምሳሌ ሆኖ በውጭም ተጠቀሰ።

ያልተጠበቀው ውጤት

በ1998 ዓ.ም. ጊብሰንና ሩት ሜስ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች፣ በዚሁ በሂጦሳና በዶዶታ አካባቢ በ1,976 ቤተሰቦች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። የሚያጠኑት፣ ቦኖ በመጣላቸውና ባልመጣላቸው መንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ነበር። ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ።

በመጀመሪያ የተጠበቀው ሆኗል። ውኃ ለመቅዳት የሚጠፋው ጊዜና ድካም በእጅጉ ቀንሷል፤ ቦኖ ባለበት መንደር ሕፃን የመሞቱ ዕድል በግማሽ ያህል ዝቅ ብሏል። ይህ ብቻውን ሥራውን የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የእናቶቹ የሰውነት ሁኔታ አልተሻሻለም፤ ከሞት የተረፉት ሕፃናት ደግሞ ቦኖ ከሌላቸው መንደሮች ልጆች ይልቅ ለምግብ እጥረት ተጋልጠው ተገኙ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከሸክም የተረፈው የሴቲቱ አቅም ወደ ራሷ ሥጋ አልተመለሰም፤ ቶሎ ቶሎ ወደ መፀነስ ሄደ። የወሊድ መከላከያ ባልነበረበት ቦታ ልጆች ተቀራርበው ተወለዱ፤ ከተወለዱትም የሚበልጡት ተረፉ። መሬቱና እህሉ ግን አልጨመሩም። በተመሳሳይ ገበታ ዙሪያ የተቀመጡት አፎች በዙ። በ2005 ዓ.ም. ጊብሰንና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው እሸቱ ጉርሙ ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ቦኖ ካላቸው መንደሮች ብዙ ወጣቶች ወደ ከተማ እንደሚፈልሱ ታየ።

ይህን ውጤት ይዞ «እንግዲያውስ ቧንቧው ባይዘረጋ ይሻል ነበር» የሚል ቢኖር፣ በሞት ይወሰዱ የነበሩትን ሕፃናት ረስቷል። ጥናቱ ያሳየው የቧንቧውን ጉዳት ሳይሆን የቧንቧውን ብቸኝነት ነው። ውኃው ደረሰ፤ ከውኃው ጋር አብረው መድረስ የነበረባቸው የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት፣ የእናቶች ሕክምናና የአመጋገብ ምክር ግን አልደረሱም።

ይህ ክፍተት ከዚያ ወዲህ በከፊል ተሞልቷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ደመወዝተኛ ሴት ሠራተኞች መደበ። በአገር አቀፉ የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 6 ብቻ የነበሩት በ2008 ዓ.ም. 35 ሆነዋል። በዚያው ዘመን ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል የቀጨጩት ከመቶ 58 ወደ 38 ዝቅ ብለዋል። ለዚህ መሻሻል አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት አይቻልም፤ መንገዱም፣ ውኃውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ኬላውም ድርሻ አላቸው። ከመቶ 38 የቀረው ግን ሥራው ገና ግማሽ ላይ እንዳልደረሰ ይናገራል።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

የአርሲ ታሪክ የመሐንዲስን ሥራ አያሳንስም፤ ኃላፊነቱን ግን ያሰፋዋል። መንገዱ ጭሰኛውን ያስነቀለው፣ ወተቱ የሴቲቱን መቀነት ያራገፈው፣ ውኃውም ገበታውን ያጠበበው በአሠራር ጉድለት አልነበረም። መንገዱ ያስኬድ ነበር፤ ወተቱ ሳይበላሽ ይደርስ ነበር፤ ቧንቧውም ይፈስ ነበር። የጎደለው በፕላኑ ላይ ያልተሳለው ነው፤ መሬቱ የማን ነው፣ ደረሰኙ በማን ስም ይቆረጣል፣ የተረፈው ጊዜና አቅም ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ።

እነዚህ ጥያቄዎች ለሌላ ሙያ የሚተዉ አይደሉም፤ በዲዛይኑ ጊዜ የሚመለሱ ናቸውና። የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ የት ይቆም የሚለው፣ ሴቲቱ በእግሯ ደርሳ በስሟ ትቀበላለች ወይስ ባሏ በፈረስ ሄዶ ይቀበላል የሚለውን ይወስናል። ቦኖው ከጤና ኬላው አጠገብ ቢተከል፣ ውኃ ልትቀዳ የመጣች እናት ልጇን አስመዝና፣ ምክር አግኝታ ትመለሳለች። የቦኖ ጠባቂነቱና የጥገናው ሥልጠና ለሴት ቢሰጥ፣ የዶዶታ ልምድ እንዳሳየው ሥራው ይቃናል፤ ደመወዙም ወደ ቤት ይገባል።

ዛሬም መንገድ ከመጠረጉ በፊት የሚደረግ የትራፊክ ቆጠራ አለ። ቆጣሪው በመንገድ ዳር ተቀምጦ የጭነት መኪናውን፣ አውቶቡሱንና ጋሪውን ይመዘግባል። ከበቆጂ ገበያ ቅቤዋን ሸጣ የምትመለሰው እናት፣ ጀሪካን አዝላ የምታልፈው ልጃገረድ፣ እህል ተሸክማ ወደ ወፍጮ ቤት የምትወርደው አሮጊት በብዙ ቅጽ ላይ ዓምድ የላቸውም። ከማንኛውም ተሽከርካሪ በፊት በዚያ መንገድ ሸክም ሲያመላልሱ የኖሩት ግን እነርሱ ናቸው። ወደፊት በዚያ ደጋ የሚሠራ ማንኛውም ፕላን ቆጠራውን ከእነርሱ ሊጀምር ይገባዋል።